ላሟ ማመስኳት ስትቀንስ፦ የከብትን ሕመም ቀድመው የሚጠቁሙ መሣሪያዎች እንዴት ይሠራሉ?

ጤነኛ ላም ጋደም ብላ ስታመሰኳ ቆም ብለው አንገቷን ይመልከቱ። ከጉሮሮዋ በታች አንድ ጉብታ ሽቅብ ሲወጣ ይታያል፤ መንጋጋዋ ከ50 እስከ 70 ጊዜ ያህል ይፈጫል፤ ትውጠዋለች፤ ለጥቂት ሰከንድ ጸጥ ትላለች፤ ከዚያ ሌላው ጉብታ ይወጣል። አንዱ ዙር አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ቀንና ሌሊቱ ሲደመር አንዲት የወተት ላም ከ400 እስከ 600 ደቂቃ ታመሰኳለች (ማመንዠክ የሚሉትም አሉ)። ሕመም ሲነካት፣ ትኩሳት ሲጀምራት ወይም ሆዷ ሲታወክ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቀንሰው ይኼ ነው፤ ወተቷ ከመጉደሉ፣ ጆሮዋ ከመውደቁና ከመኖ ገንዳው ከመራቋ በፊት።

አምስት ላም ያለው ሰው ይህን በዓይኑ ይደርስበታል። ጠዋት በረቱን ሲከፍት የትኛዋ እንደከፋት አይቶ ይለያል። ላሞቹ 60 ወይም 100 ሲሆኑ፣ አላቢውም ቶሎ ቶሎ ሲቀያየር ያ ዓይን ይጠፋል። አውቶማቲክ የጤና መከታተያዎች የተሠሩት ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ሻጮች «በሽታን ቀድሞ የሚያውቅ መሣሪያ» ብለው ሲያስተዋውቁ ግን ገዢው ሊጠነቀቅ ይገባል። መሣሪያው የበሽታ ስም አያውቅም። የሚያደርገው የዛሬዋን ላም ከራሷ ከሰሞኑ ሁኔታ ጋር ማነጻጸርና ልዩነቱ ሲሰፋ «ይህችን ላም እዩአት» ማለት ነው። የቀረው ሥራ የሰው ነው፤ ብዙ እርሻዎች ገንዘባቸውን የሚያባክኑትም ይህን የቀረውን ሥራ ማን እንደሚሠራው ሳይወስኑ መሣሪያውን ስለሚገዙ ነው።

የአንገት ማሰሪያው

የዚህ ሙያ ትልቁ ክፍል ያደገው በእስራኤልና በኔዘርላንድ ነው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዮርዳኖስ ሸለቆ የሚገኘው የአፊኪም ኪቡትዝ (የእስራኤል የጋራ እርሻ መንደር) በ1970ዎቹ መጨረሻ የእያንዳንዷን ላም ወተት በኤሌክትሮኒክስ የሚለካ መሣሪያ ሠራ፤ በኋላም እግር ላይ ታስሮ እርምጃ የሚቆጥር መሣሪያ ጨመረበት። እርምጃ ቆጣሪው በመጀመሪያ የታሰበው ለሕመም ሳይሆን ኮርማ የምትፈልገውን ላም ለመለየት ነበር፤ ላም በየ21 ቀኑ ኮርማ ስትፈልግ እርምጃዋ በእጥፍ ሊጨምር ይችላልና። ኔዘርላንድ ውስጥ ደግሞ በ1992 የማለቢያ ሮቦት እርሻ ላይ ሲተከል፣ በማለቢያው ቦታ ጋቷን የሚዳስስ ሰው ስለሌለ ወተቱን መመርመር የማሽኑ ሥራ ሆነ።

ማመስኳትን የሚለካው የአንገት ማሰሪያ በ2000ዎቹ እስራኤል ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ በውስጡ ትንሽ ማይክሮፎን ነበረው። ጉብታው ወደ አፍ ሲመለስ የሚሰማውን ድምፅና የመንጋጋውን ምት እያዳመጠ ደቂቃውን ይደምር ነበር። ዛሬ አብዛኞቹ ማይክሮፎኑን ትተው ስልካችን ውስጥ ያለውን ዓይነት የእንቅስቃሴ መለኪያ ይጠቀማሉ። ላሟ ሣር ስትነጭ ጭንቅላቷ ወደ ታችና ወደ ጎን ይወዛወዛል፤ ስታመሰኳ ግን ምቱ እኩልና ዝግ ያለ ሆኖ በየደቂቃው አጭር ዕረፍት አለበት። ፕሮግራሙ ሁለቱን የሚለየው በዚህ ነው። ውጤቱን ብዙውን ጊዜ በሁለት ሁለት ሰዓት ጠቅልሎ በአንቴና በኩል ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ስልክ ይልካል።

አስተሳሰሩ ከሚታሰበው በላይ ወሳኝ ነው። መለኪያው ከጆሮዋ ኋላ በአንገቷ ጎን ላይ እንዲቀመጥ ተብሎ ከተሠራ፣ ከሥር የሚንጠለጠለው ክብደት ቦታውን እንዲይዝ ማድረግ ያስፈልጋል። በማሰሪያውና በአንገቷ መካከል መዳፍ በጠባቡ እንዲገባ ይተዋል። ሲላላ መሣሪያው ይዞርና ማመስኳቷን ያሳንሳል፤ እንዲህ ሲሆን ጤነኛዋ ላም በሽተኛ ተብላ ትጠራለች። ሲጠብቅ ደግሞ ቆዳዋን ይልጣል፤ በተለይ ያላደጉ ጊደሮች አንገታቸው እየወፈረ ስለሚሄድ በየወሩ መታየት አለባቸው። ሌላው የተለመደ ስህተት ማሰሪያውን ላሟ ከወለደች በኋላ ማጥለቅ ነው። ፕሮግራሙ የላሟን የዘወትር ልክ ለማወቅ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ ለሕመም የምትጋለጠው ደግሞ ከወለደች በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት ነው። ስለዚህ ማሰሪያው መጥለቅ ያለበት ከመውለጃዋ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው።

በወለደችበት ቀን ማመስኳቷ እንደሚወርድ ይታወቃል፤ ይህ ተፈጥሮ ነው። መታየት ያለበት ተመልሶ የሚወጣበት ፍጥነት ነው። ጤነኛዋ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ልኳ ትመለሳለች። በአራተኛው፣ በአምስተኛው ቀንም መስመሩ መሬት ለመሬት ከተጎተተ የማህፀን ብግነት፣ ኬቶሲስ (መኖው ስለማይበቃት የሰውነቷን ስብ አብዝታ ስታቃጥል የሚመጣ ሕመም) ወይም የጨጓራ መዞር (አራተኛው የሆድ ክፍል ከቦታው መነሳት) ሊኖር ይችላልና ሐኪም መጥራት ተገቢ ነው።

ይህ ዘዴ ምን ያህል ያስተማምናል? የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 ባሳተሙት ጥናት ማመስኳትንና እንቅስቃሴን አጣምሮ የሚሰጠው የጤና ነጥብ ከጨጓራ መዞር 98 በመቶውን፣ ከኬቶሲስ 91 በመቶውን አግኝቷል፤ የጨጓራ መዞርን ሠራተኞቹ በዓይን ከደረሱበት በአማካይ በሦስት ቀን ቀድሞ ነው። ከጡት በሽታ ግን ያገኘው 58 በመቶውን ብቻ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከአራቱ ጡቶቿ አንዱ ላይ ቀለል ያለ ብግነት ያለባት ላም ትበላለች፣ ታመሰኳለች፣ ትራመዳለች። አንገቷ ላይ ያለው መሣሪያ የሚያየው ነገር የለም። ለጡት በሽታ ማየት የሚገባው ወተቱን ነው።

ወተቱ ውስጥ ያለው ጨው

ጡት ሲቆጣ በደምና በወተት መካከል ያለው ስስ ግድግዳ ይሳሳል። ሶዲየምና ክሎራይድ፣ ማለትም ጨው፣ ከደሟ ወደ ወተቱ ይገባል፤ የወተቱ ስኳር ይቀንሳል። ጨው የበዛበት ፈሳሽ ኤሌክትሪክ በተሻለ ያስተላልፋል። የጤነኛ ጡት ወተት በ25 ዲግሪ ሙቀት ሲለካ ብዙውን ጊዜ ከ4.0 እስከ 5.5 ሚሊሲመንስ በሴንቲሜትር ያስተላልፋል፤ ከ6 ሲያልፍ ጡቱን መጠራጠር ይገባል። በማለቢያ መስመሩ ውስጥ የተገጠሙ ሁለት ትናንሽ ብረቶች ይህን ወተቱ ሲያልፍ ይለካሉ።

እዚህ ላይ ገዢ ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፦ መለኪያው አራቱን ጡቶች ለየብቻ ነው የሚለካው ወይስ ተቀላቅለው? ሦስቱ ጤነኛ ጡቶች 5.0፣ የታመመው 7.0 ቢሆኑና እኩል ወተት ቢሰጡ የተቀላቀለው 5.5 ይነበባል፤ ይህ ደግሞ ጤነኛ ከሚባለው ክልል አይወጣም። የታመመው ጡት የሚሰጠው ወተት የሚያንስ በመሆኑ እውነተኛው ንባብ ከዚህም በታች ይሆናል። ሮቦቶች እያንዳንዱን ጡት ለየብቻ ስለሚያልቡ አንዱን ከሦስቱ ጋር ማነጻጸር ይችላሉ፤ ይህ ንጽጽር ከቁጥሩ ከራሱ ይበልጥ ይረዳል።

ንባቡን የሚያዛቡ ነገሮች ብዙ ናቸው። የወተቱ ሙቀት፣ በሁለት እልባት መካከል ያለው ሰዓት መርዘም፣ ላሟ ወደ ነጠፋዋ መቃረቧ ቁጥሩን ይለውጡታል። ብረቶቹ ላይ የወተት ድንጋይ ሲጋገርባቸውም ንባቡ ቀስ በቀስ ይንሸራተታል፤ ቁጥሩ በአንዲት ላም ሳይሆን በሁሉም ላይ አብሮ ከተለወጠ መጀመሪያ መስመሩ በአሲድ መታጠቡን ማጣራት ነው።

ባዶ ማንቂያ የሚፈጥረው ችግር

መሣሪያዎቹ በተግባር የሚወድቁበት ቦታ ይህ ስለሆነ ሒሳቡን ቁጭ ብሎ መሥራት ይጠቅማል። 100 ላም በቀን ሁለት ጊዜ ሲታለቡ በቀን 200 ንባብ አለ። በዓመት 30 አዲስ የጡት በሽታ ይከሰታል እንበል፤ በ12 ቀን አንድ ማለት ነው። መሣሪያው ጤነኛዋን ላም «ጤነኛ ነሽ» ብሎ በማለፍ ረገድ 99 በመቶ ትክክል ቢሆን ጥሩ ይመስላል። በ12 ቀን ግን 2,400 ንባብ ስላለ አንድ በመቶው 24 ነው። አንዲት የእውነት የታመመች ላም ለማግኘት 24 ጤነኛ ላሞች በከንቱ ይመረመራሉ ማለት ነው። ትክክለኛነቱ ወደ 95 በመቶ ቢወርድ ባዶው ማንቂያ 120 ይደርሳል።

በቀን አሥር ጊዜ የሚጮህ ማንቂያን ሠራተኛው በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ አሥሩንም ሄዶ አይቶ ምንም ስላጣ ነው። ማንቂያው በትክክል በሚጮህበት ቀን የሚያየው ሰው የለም። ወሰኑን ከፍ በማድረግ ጩኸቱን መቀነስ ይቻላል፤ ዋጋው ግን አንዳንዷ የታመመች ላም ሳትታይ ማለፏ ነው። የተሻለው መንገድ ምልክቶችን ማጣመር ነው፦ ጨውነቱ ከፍ ብሎ በዚያው ቀን ወተቷ ከጎደለ፣ ወይም ሙቀቷ ከጨመረ፣ ወዲያው ትታይ፤ ጨውነቱ ብቻውን ከፍ ካለ የሚቀጥለው እልባት ይጠበቅና ከተደገመ ትታይ። ሻጩ ይህን ቅንብር እንዴት መለወጥ እንደሚቻል ማሳየት ካልቻለ መሣሪያው ለዚያ እርሻ አይሆንም ብለን በድፍረት እንናገራለን።

ተቃራኒው ስህተት ደግሞ ዝምታን እንደ ጤና መቁጠር ነው። አንቴናው ሲበላሽ፣ መብራት ሲጠፋ ወይም ባትሪው ሲያልቅ ስልኩ ላይ ምንም ማንቂያ አይመጣም። ስለዚህ በየቀኑ ጠዋት መጀመሪያ የሚታየው የማንቂያ ዝርዝር ሳይሆን እያንዳንዷ ላም ለመጨረሻ ጊዜ መረጃ የላከችበት ሰዓት መሆን አለበት። የመላው መንጋ ማመስኳት በአንድ ቀን አብሮ ከወረደም በሽታ ከመፈለግ በፊት መኖው ተለውጦ እንደሆነ፣ ውሃ ተቋርጦ እንደሆነ፣ ቀኑ እጅግ ሞቃት እንደነበር ማየት ይቀድማል።

ሆዷ ውስጥ የሚኖረው ካፕሱል

ሌላው መሣሪያ በአፏ በኩል በማጉረሻ ዘንግ የሚሰጥ የጣት ያህል ርዝመት ያለው ከባድ ካፕሱል ነው። ክብደቱ ከአራቱ የሆድ ክፍሎች ሁለተኛው ውስጥ፣ የዋጠችው ሽቦና ምስማር በሚያርፍበት ቦታ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ አይወጣም። በየ10 ደቂቃው ሙቀቷን ይለካል። የሆድ ውስጥ ሙቀት በፊንጢጣ ከሚለካው በግማሽ ዲግሪ ያህል ከፍ ስለሚል 39 ዲግሪ ቢነበብ አያስደነግጥም። ቀዝቃዛ ውሃ ስትጠጣ ንባቡ በአንዴ በብዙ ዲግሪ ይወርድና ቀስ ብሎ ይመለሳል። ፕሮግራሙ ይህን ቁልቁለት ከስሌቱ ያወጣዋል፤ በዚያውም ስንት ጊዜ እንደጠጣች ይቆጥራል። ልትወልድ አንድ ቀን ሲቀራት ሙቀቷ በጥቂቱ ዝቅ ስለሚል የመውለጃ ሰዓቷንም ለመገመት ይረዳል። ጉድለቱ ባትሪው ሲያልቅ መለወጥ አለመቻሉ ነው፤ እስክትታረድ እዚያው ይኖራል።

ማንቂያው ሲመጣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የሚደረገው

መርፌ ማንሳት የመጨረሻው ነገር ነው። በማንቂያ ብቻ አንቲባዮቲክ መውጋት የማያስፈልጋትን ላም ማከም ነው፤ ወተቷም መድኃኒቱ ከሰውነቷ እስኪወጣ ድረስ መደፋት ይኖርበታል። ፍተሻው እንዲህ ይሂድ።

ሳትነኳት በፊት ከሩቅ ተመልከቷት፦ ትበላለች? ዓይኗ ጎድጉዷል? ጀርባዋን ቀስት አድርጋ ቆማለች? ቀጥሎ ጆሮዋን ጨብጡ። ከወለደች አንድ ወይም ሁለት ቀን ሆኗት ጆሮዋ ከቀዘቀዘና ስትራመድ ከተንገዳገደች ካልሲየም ጎድሏት፣ የወተት ትኩሳት የሚባለው ጀምሯት ሊሆን ይችላል። ስሙ ትኩሳት ይበል እንጂ ሙቀቷ እንዲያውም ዝቅ ይላል። ይህ ሰዓታት የማይሰጥ ነገር ስለሆነ ሐኪም ወዲያው ይጠራ፤ ካልሲየም በደም ሥር በጥድፊያ ከተሰጠ ልብ ስለሚያቆም ልምድ የሌለው ሰው አይሞክረው።

ቴርሞሜትር በፊንጢጣዋ አስገቡ። ከ38.0 እስከ 39.3 የተለመደ ነው፤ ከ39.5 በላይ ትኩሳት ነው። ከዚያ በግራ ጎኗ፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ ባለው ጎድጓዳ ላይ ጡጫችሁን ተጭናችሁ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ትልቁ ጨጓራ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ እጃችሁን መግፋት አለበት። ሐኪም ካለ እዚያው ግራ የጎድን አጥንቶቿ ላይ ማዳመጫ አድርጎ በጣቱ ሲያንኳኳ ባዶ በርሜል እንደተመታ ዓይነት ጥርት ያለ ድምፅ ከተሰማው ጨጓራዋ ዞሯል። ከኋላዋ የሚወጣው ፈሳሽ የሚከረፋና ውሃ የመሰለ ከሆነ ማህፀኗ ነው። ለኬቶሲስ በደም ጠብታ የሚሠራ መለኪያ ካለ 1.2 ሚሊሞል በሊትርና ከዚያ በላይ መጠራጠሪያ ነው። በመጨረሻ ሰኮናዎቿን ተመልከቱ።

ጡቶቿን ለመፈተሽ የካሊፎርኒያ የጡት በሽታ ምርመራ የሚባለው ከ1957 ጀምሮ አለ፤ ዛሬም የመሣሪያው ሁሉ ማረጋገጫ እሱ ነው። የመጀመሪያዎቹን ጠብታዎች ጥቁር ነገር ላይ አልባችሁ እዩ፤ ጓጎላ ወይም ውሃ የመሰለ ወተት ካለ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ከሌለ አራት ጉድጓድ ባለው ሳሕን ላይ ከእያንዳንዱ ጡት 2 ሚሊ ሊትር ያህል አልባችሁ እኩል መጠን ያለው መመርመሪያ ፈሳሽ ጨምሩ፤ ለ10 ሰከንድ አሽከርክሩ፤ በ20 ሰከንድ ውስጥ አንብቡ። ጤነኛው ውሃ እንደሆነ ይቀራል፤ የታመመው እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። ፈሳሹ ሳሙና ነው፤ ወተቱ ውስጥ ያሉትን የመከላከያ ሴሎች ያፈነዳቸውና ከውስጣቸው የሚወጣው ዲ.ኤን.ኤ. ነው የሚዝለገለገው። መመርመሪያው በማይገኝበት ቦታ 15 ግራም የልብስ ዱቄት ሳሙና በግማሽ ሊትር ውሃ ሟሙቶ በደቡብ እስያ አርሶ አደሮች ዘንድ ሲሠራበት ቆይቷል። የተመረመረው ወተት ይደፋል፤ ሳሕኑ ለቀጣዩዋ ላም ሳይታጠብ አያልፍም።

በአሳማና በዶሮ እርባታ መሣሪያው እያንዳንዱን እንስሳ አይከታተልም፤ ዋጋውም ቁጥሩም አይፈቅድም። በአውሮፓ የአሳማ ቤቶች ጣራ ላይ የሚሰቀሉ ማይክሮፎኖች ሳልን ከሌላው ጩኸት ለይተው ይቆጥራሉ፤ የሳሉ ብዛት ሲጨምር የመተንፈሻ በሽታ ገብቶ እንደሆነ ይመረመራል። በዶሮ ቤት ደግሞ ርካሹና ታማኙ መሣሪያ የውሃ ቆጣሪ ነው። በደህናው ጊዜ ዶሮዎች በክብደት ከሚበሉት መኖ ሁለት እጥፍ ያህል ውሃ ይጠጣሉ፤ አየሩ ሳይለወጥ የዕለቱ ውሃ ድንገት ከወረደ ሞት ከመታየቱ በፊት የመጣ ማስጠንቀቂያ ነው። ቢሾፍቱ ላይ አንድ ሺህ ዶሮ ያለው ሰው ካሜራና ኮምፒውተር ከማሰቡ በፊት ቆጣሪ ገጥሞ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ቁጥሩን ቢመዘግብ ይሻለዋል።

በኢትዮጵያ የወተት እርሻ ላይ

በሱሉልታ፣ በሰበታና በሆለታ ዙሪያ ባሉ እርሻዎች ብዙ ላሞች በእጅ ስለሚታለቡ በማለቢያ መስመር ውስጥ የሚገጠም መለኪያ አይሠራላቸውም። አላቢው ጋቱን በየቀኑ ስለሚነካ ግን ሮቦቱ ያጣው ነገር አለው፤ ሙቀቱንና ጥንካሬውን በእጁ ያውቃል። ከ20 ላም በታች ላለው ሰው ቴርሞሜትር፣ የምርመራ ሳሕንና የእያንዳንዷን ላም ወተት ጠዋትና ማታ የሚመዘግብ ደብተር ከአንገት ማሰሪያ በፊት ይቅደሙ እንላለን። ለትላልቆቹ እርሻዎች ማሰሪያው ሊያዋጣ ይችላል፤ በሕመሙ ብቻ ባይሆን እንኳ ሌሊት ኮርማ ፈልጋ ሳትታይ የምታልፈዋን ላም ስለሚያሳይ አዳቃዩ በሰዓቱ ይደርሳል። መጠየቅ የሚገባው መሣሪያው ኢንተርኔት ሲቋረጥ የስንት ሰዓት መረጃ በራሱ እንደሚይዝ፣ ዓመታዊ ክፍያ እንዳለውና ክፍያው ሲቆም መረጃው ይታይ እንደሆነ ነው። ፕሮግራሞቹ የተለማመዱት በአመዛኙ በረት ውስጥ ተቀላቅሎ በሚቀርብ መኖ በሚኖሩ የሆልስታይን ላሞች ላይ ነው። ድርቆሽና ገለባ የምትበላ ዲቃላ ላም የማመስኳት ልኳ ከዚያ የተለየ ስለሆነ ፋብሪካው ያስቀመጠውን ወሰን እንዳለ መቀበል አይገባም።

ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዱም የማያየው በሽታም አለ። የከብት ሳንባ ነቀርሳ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የወተት ከብቶች ዘንድ የታወቀ ችግር ነው፤ ለወራትና ለዓመታት ቀስ ብሎ ስለሚሄድ «ከሰሞኑ የተለየ» ነገር አያሳይም፤ ላሟ ትበላለች፣ ታመሰኳለች፣ ትታለባለች። የሚገኘው አንገቷ ቆዳ ውስጥ በሚሰጥ መርፌና ከ72 ሰዓት በኋላ እብጠቱን በመለካት ነው። ውርጃ የሚያስከትለው ብሩሴሎሲስም የደም ምርመራ ይፈልጋል። ሁለቱም ባልፈላ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋሉ።

መሣሪያ ለመግዛት የወሰነ ሰው ለአንድ ወር በጥቂት ላሞች ላይ ይሞክረው፤ በተለይ ለመውለድ በተቃረቡት ላይ። ደብተር ላይ ሦስት ዓምድ ይስመር፦ ማንቂያ መጥቶ በፍተሻ ሕመም የተገኘበት፣ ማንቂያ መጥቶ ምንም ያልተገኘበት፣ ያለ ማንቂያ ሰው ራሱ የደረሰበት ሕመም። ወሩ ሲያልቅ ሻጩ ሲመጣ ሦስቱን ቁጥሮች ያሳየውና ዋጋውን ከዚያ ይነጋገር።